ጀርባውን የሰጠ ቤት

«ይህ ቤት የለም» አሉ አቶ ሰይፉ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳው አስደግፈው፣ በሌለው ቤት ጥላ ሦስተኛውን ፓፓያ በማንኪያ እየፋቁ።

ዘውዴ ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ጣራው አለ። አርባ ሁለት ቆርቆሮ፣ እያንዳንዱ በአራት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ተገዝቶ፣ በጭነት መኪና ጣርማ በርን ተሻግሮ ቆላ የወረደ ቆርቆሮ እንዴት አይኖርም? ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብላ በመኪና መንገዱ ዳር በተኮለኮለችው ሾላ ሜዳ፣ ከአዳም ጀምሮ እስከዚያ ዓመት ድረስ ከሣርና ከማሽላ አገዳ በቀር ሌላ ጣራ አይታወቅም ነበር። ይህ ቆርቆሮ የተመታ ዕለት ብልጭታው ካራቆሬ ደርሶ ግመሎች ዓይናቸውን ጨፍነው ቆመዋል፤ አጣዬ ላይም አንዲት ባልቴት መብረቅ መስሏት ሦስት ጊዜ አማትባ አልጋ ሥር ገብታለች ይባላል። ዝናብ ሲመታው ሰባት ነጋሪት ነው። ፀሐይ ሲመታው ደግሞ ውስጡ ያለ እሳት ሽሮ ያበስላል፤ ይህችን ግን ዘውዴ ለማንም አልተነፈሳትም። በሩ ሁለት ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ጠጥቷል። ቁልፉ የደብር ቁልፍ ያህላል፤ ዘውዴ ከአንገቱ አንጠልጥሎት ሲሄድ ከማተቡ ይልቅ እርሱ ይታያል።

«አለ እንጂ ጌታዬ» አለ ዘውዴ። «ይኸው፣ ተደግፈውት የለም እንዴ?»

«እኔ የተደገፍሁት ግድግዳ ነው» አሉ አቶ ሰይፉ። «ቤት ማለት ይህ ነው።» ከጥቁር ቦርሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። ወረቀቱ ላይ ሦስት ማኅተም፣ ሁለት የጣት አሻራና በሰማያዊ ቀለም የተሣለ ባለ አራት ማዕዘን ቤት ነበር። «በር አንድ፣ በምዕራብ። መስኮት አንድ፣ በምሥራቅ። መውጫው በወንድሙ በአቶ ደምሴ ደጅ። ይህ ነው ያበደርነው። ያንተ ቤት በሩ የት ነው?»

«በምሥራቅ።»

«በምዕራቡስ ምን አለ?»

«ግድግዳ።»

«ታዲያ የተበደርክበት ቤት አልተሠራም፤ የተሠራው ቤት ደግሞ አልተበደርክበትም። አየህ ዘውዴ፣ እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። የሌለ ቤት ግን መዝጋት አልችልም።»

መዝጋት ያሉት ብድሩን ነው። ዘውዴ ከብድሩ መሥሪያ ቤት አንድ ሺህ አምስት መቶ ብር ተፈቅዶለት ነበር። አምስት መቶው መሠረቱ ሲቆም፣ ስድስት መቶው ቆርቆሮው ሲመታ ተሰጠው፤ የቀረው አራት መቶ ተቆጣጣሪው አቶ ሰይፉ መጥተው አይተው፣ ፈርመው፣ መዝገቡን ሲዘጉ ይከፈላል። ከዚያ ላይ መቶ አርባው የአናጢው የኢብራሂም ነው፤ መቶ ዘጠናው የሚስማርና የቆርቆሮ ነጋዴው ነው። እስከ ሰኔ ሠላሳ ድረስ ካልተዘጋ ግን የበላው አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር በአንድ ጊዜ ተመለስ ይባላል፤ መመለስ ካልቻለ በመያዣ የገባው ሦስት ጥማድ የአባቱ መሬት በሐራጅ ይሸጣል። ያን ቀን ሰኔ ሃያ ስድስት ነበር። አቶ ሰይፉ ከደብረ ብርሃን ለመምጣት አበል የተፈቀደላቸው ለአንድ ቀን ብቻ ነው፤ በዘጠኝ ሰዓት ከደሴ በሚመጣው አውቶቡስ መመለስ አለባቸው። ሰዓቱ አራት ከሩብ ሆኗል።

የዘውዴ ሚስት ጌጤ አራተኛ ፓፓያ ቆርጣ አቀረበች። «የሌለ ቤት ፓፓያ ይጣፍጣል መቼም» አለች፣ ለማንም ሳትል። አቶ ሰይፉ ማንኪያቸውን ጠረጉና ተቀበሉ።

በሩ ስለምን እንደዞረ የሾላ ሜዳ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ከአቶ ሰይፉ በቀር። ለእርሳቸው ዘውዴ «የከሰዓት ፀሐይ እንዳይገባ ብዬ ነው» አላቸው። ፀሐይ ግን ጥፋት የለባትም። ፕላኑ ሲሣል ዘውዴና ታላቅ ወንድሙ ደምሴ አንድ ግቢ፣ አንድ ደጅ፣ አንድ የውሻ ጩኸት ነበራቸው፤ ደምሴ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን ያሳረፈውም ያኔ ነው። መሠረቱ በቆመ በሁለተኛው ሳምንት የአባታቸው ተዝካር ደረሰ። በዚያ ተዝካር ላይ ሥጋው ሲደለደል ለዘውዴ የሚገባው ጎድን ለደምሴ አማች ተሰጥቶ ለዘውዴ አንገት ደረሰው። አንገት! በሁለት ጥማድ በሬ ለሚያርስ፣ ከመንግሥት ብር ለተበደረ ሰው! ዘውዴ አንገቱን ለውሻ ጥሎ ወጣ። በማግስቱ ኢብራሂምን ጠርቶ «በሩን አዙረው። ያ ሰውዬ ዕድሜ ልኩን የቤቴን ጀርባ እያየ ይኑር» አለው። በዚያ አገር ቤት ጀርባውን ለጎረቤት ከሰጠ ስድብ መጨመር አያስፈልግም። ደምሴም መልሱን አላዘገየም፤ ከጀርባው ግድግዳ አንድ ክንድ ያህል ብቻ ርቆ ነብር የማያልፈው የእሾህ አጥር አጠረ። ከዚያ ወዲህ ወንድማማቾቹ ተነጋግረው አያውቁም። መንገድ ላይ ሲገናኙ ዘውዴ አህያውን «ሂድ እንጂ፣ ምን ያዘገይሃል? እዚህ ሰው የለም» ይለዋል፤ ደምሴም የራሱን አህያ «አትይ፣ ዓይንህ ይታመማል» ይለዋል። ከዚህ ሁሉ አህያዎቹ ብቻ ተጎዱ። ሚስቶቹ ግን በእሾሁ ሥር ጨውና ወንፊት መለዋወጣቸውን አልተዉም፤ ያም ቢሆን በዝምታ ነው።

«ሁለት መንገድ አለህ» አሉ አቶ ሰይፉ። «አንደኛው ወረቀቱን ከቤቱ ጋር ማስማማት ነው። አዲስ ፕላን ይሣላል፣ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ሰባት ወር። ሁለተኛው ቤቱን ከወረቀቱ ጋር ማስማማት ነው።»

«ቤት ይዞራል እንዴ ጌታዬ?»

ጥግ ላይ መጋዙን እየሞረደ የነበረው ኢብራሂም ቀና አለ። ኢብራሂም የአርጎባ ሰው ነው፤ ይፋት ውስጥ እርሱ ያላቆመው ምሰሶ፣ ያልተከራከረው ባለቤት የለም። መቶ አርባ ብሩን ሲጠብቅ ሦስት ወር ሆኖታል። «ወላሂ ይዞራል» አለ። «ጋሽ ዘውዴ፣ ግድግዳው ጭቃ አይደለም? ምዕራቡን እቀደዋለሁ፣ በሩን ነቅዬ እዚያ እገጥመዋለሁ። የምሥራቁን ቀዳዳ እስከ ወገብ በድንጋይ እደፍነዋለሁ፣ መስኮት ይሆናል። ሰባት ሰዓት ሳይሞላ እጨርሳለሁ።»

«መስኮት ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ማለት አለበት» አሉ አቶ ሰይፉ።

«ሜትር ከአሥር አደርገዋለሁ፤ አሥሩ ምርቃት።»

«ሌላም አለ።» አቶ ሰይፉ ተነሥተው የቤቱን ጎን ዞሩና በግድግዳውና በእሾሁ መካከል አንገታቸውን አስገብተው አወጡት። ኮሌታቸው ላይ አንድ እሾህ ተሰክቶ መጣ። «በር ወደ እሾህ አይከፈትም። ይህ አጥር ይነሣ። ወንድምህም እፊቴ ቆሞ ‹በደጄ ይውጣ ያልሁት ዛሬም የጸና ነው› ብሎ እንደገና ጣቱን ያኑር። ያለዚያ አልፈርምም።»

ዘውዴ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። «እሱን ከምለምን ቤቱ ይቃጠል!»

«የሌለ ቤት እንዴት ይቃጠላል?» አለች ጌጤ።

«ዝም በይ አንቺ።»

«እሺ ዝም አልሁ። መሬቱ ሲሸጥ ግን እንዳትጠራኝ፤ እናቴ ቤት ነው የምታገኘኝ። እዚያ በሩ ወዴት እንደሚዞር ማንም አይጠይቅም።»

ሥራው ተጀመረ፤ መለመኑ ግን ለኋላ ቆየ። ኢብራሂም ምዕራቡን ግድግዳ በመጥረቢያ ሲገምሰው አቧራው ሮቢ ወንዝን ተሻገረ። ዘውዴ ድንጋይ ያቀብላል፤ ከጓሮው፣ ከእርሻው ዳር፣ ከምድጃው ሳይቀር እየነቀለ። በልቡ ግን ሌላ ሥራ ይሠራል። ሽማግሌ ልላክ? ሽማግሌ ሦስት ቀን ይፈልጋል፤ ሁለቱን ለመብላት፣ አንዱን ለመናገር። ጌጤን ልላክ? እርሷን ከላክኋት ለሰባት ዓመት ታስታውሰኛለች። ራሴ ልሂድ? እግሬ ይሰበር። አቶ ሰይፉ ከሾላው ሥር ተኝተው በየሩብ ሰዓቱ አንድ ዓይናቸውን እየከፈቱ የእጅ ሰዓታቸውን ያያሉ። ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሰማያዊው በር በምዕራብ በኩል ቆመ፤ ተከፍቶም አንድ ክንድ ሳይሄድ እሾሁን ገጨና ተመለሰ። የምሥራቁም ቀዳዳ እስከ ወገብ ተደፈነ።

«አሁን ከላይ የምትተኛ አንዲት ረጅም ድንጋይ ብቻ ቀረችን» አለ ኢብራሂም። «የመስኮቱ ደፍ። ቀጥ ያለች፣ ሁለት ክንድ የምትሞላ። ያለ እሷ ይህ መስኮት ሳይሆን የተዘጋ በር ነው፤ ሰውዬው ያውቁብናል።»

እንዲህ ያለ ድንጋይ ሾላ ሜዳ ውስጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፦ በአባታቸው የፈረሰ ቤት ፍራሽ ላይ። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ደግሞ በደምሴ ደጃፍ ያልፋል። አህያው ገበያ ሄዷል። ዘውዴ ፀሐይዋን አየ። በዚህ ሰዓት በቆላ የሚነቃ ፍጡር የለም፤ እባብ እንኳ ጥላ ለጥላ ነው የሚሄደው። ደምሴ ተኝቷል ብሎ ወጣ።

ድንጋዩን አገኘው። ድንጋይ አይደለም፣ ተራራ ነው፤ ኖኅ መርከቡን ያሰረበት ነው ቢባል የሚጠራጠር የለም። በእጁ ሞከረ፣ እንቢ አለው። በትከሻው ሞከረ፣ አዘነበለው። በመጨረሻ ወገቡን ሰብሮ እንደ ቀንበር በማጅራቱ ላይ አጋደመውና ሁለቱን ጫፍ በሁለት እጁ ይዞ ተነሣ። አሥር እርምጃ ሄደ፤ ሃያ ሄደ። ላቡ ዓይኑን አጠፋው። ካወረደው ዳግመኛ እንደማያነሣው ያውቃል፤ ስለዚህ ሳያወርድ ቆም ብሎ ለመተንፈስ ወሰነ። አንገቱን እንደ ደፋ፣ ዓይኑ የራሱን ጣቶች ብቻ እያየ፣ ቆመ። የት እንደቆመ አላየም።

የቆመው ከደምሴ በር ፊት ለፊት ነበር።

እዚህ ላይ የአገሩ ልማድ ይነገር። በዚያ አገር የበደለ ሰው ሊታረቅ ሲፈልግ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከተበዳዩ ደጃፍ ይቆማል። ቃል አይናገርም። ተበዳዩ «አውርድ» ካለው ታረቁ ማለት ነው፤ እስኪለው ድረስ ግን ድንጋዩ አይወርድም።

ደምሴ አልተኛም ነበር። በሩ ጥላ ላይ ተቀምጦ የማረሻ እጀታ ይጠርባል። ቀና ሲል ወንድሙን አየ፤ ድንጋዩን አየ፤ የድንጋዩን ትልቅነት አየ። መጥረቢያው ከእጁ ወደቀ። ሰው ለይቅርታ የሚሸከመው የሩብ እንጀራ ያህል ጠጠር ነው፤ ደፋር ሲሆን ጡብ ያህል። እንዲህ ያለ ድንጋይ የተሸከመ በዳይ ከይፋት እስከ መንዝ ታይቶ አይታወቅም።

«አንተ ልጅ!» አለ ደምሴ፣ ድምፁ ተሰብሮ። «አንተ ልጅ፣ ይህን ያህል?»

ዘውዴ ድምፁን ሲሰማ የት እንደቆመም፣ ምን እንደመሰለም በአንድ ጊዜ ገባው። አፉን ከፈተ። ‹ለመስኮት ነው› የምትለው ቃል ምላሱ ጫፍ ላይ መጥታ ተቀመጠች። ያን ካለ ክብሩ ይተርፋል፤ ጣት ግን የለም፤ ፊርማ የለም፤ የአባቱ መሬት በሐራጅ ነው። ዝም ካለ መሬቱ ይተርፋል፤ ነገር ግን አንገት የተሰጠው እርሱ በዳይ ሆኖ እስከ ልጅ ልጁ ይነገራል። ድንጋዩ ማጅራቱን ሲጫነው አፉ ቀስ ብሎ ተዘጋ።

«አውርድ» ይለው ይሆናል ብሎ ጠበቀ። ደምሴ ግን እንዲህ ያለውን ቀን ለብቻው ሊበላው አልፈለገም። «ይቅርታ ያለ ምስክር አይሆንም!» ብሎ ተጣራ። «ኑ! የሾላ ሜዳ ሰዎች ኑ! ወንድሜን እዩልኝ!» የሾላ ሜዳ ሰው፣ ሰባት ሰዓት ላይ ሬሳ እንኳ ቢያልፍ የማይነሣው፣ አንድ ሳይቀር ተነሥቶ መጣ። ሴቶች እልል አሉ። ሽማግሎች መቋሚያቸውን ተክለው ቆሙ። ደምሴ ንግግር ጀመረ። ከአያታቸው ጀመረ፤ ወደ አባታቸው ወረደ፤ አንድ በሬ የጠፋበትን ዓመት አነሣ፤ ዘውዴ በልጅነቱ ኩፍኝ የያዘው ጊዜ ማን እንዳዘለው ጠየቀ፤ ራሱ መለሰ። ከድንጋዩ ሥር የዘውዴ ጉልበት እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል።

አቶ ሰይፉ ጩኸቱን ሰምተው ቦርሳቸውን ይዘው ደረሱ። «ይህ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው?» አሉ።

«ማስረጃ እያቀረበ ነው ጌታዬ» አለች ጌጤ።

«በል እንጂ ደምሴ፣ ሰውዬው ሊሰበር ነው!» አለ ከሽማግሎቹ አንዱ። ያኔ ደምሴ ቀርቦ፣ ሁለት እጁን ወንድሙ ትከሻ ላይ አኑሮ፣ «አውርድ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር» አለ። ዘውዴ ድንጋዩን እዚያው ደጃፉ ላይ ለቀቀው፤ ምድር ተነቃነቀች። ተሳሳሙ። የዘውዴ ዕንባ ወረደ፤ ሁሉም ከጸጸት ነው አለ፤ ከማጅራት መሆኑን ያወቀች ጌጤ ብቻ ናት።

ከዚያ ሁሉ ነገር እንደ ሩጫ ሆነ። እሾሁን አሥር ሰው በአንድ ጊዜ ጎተተው። ደምሴ «ጣቴን ብቻ? እጄን በሙሉ ላሳርፍ!» አለ። አቶ ሰይፉ ቀለሙን አወጡ፣ ወረቀቱን ዘረጉ። ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ሆኗል። «መጀመሪያ ግን» አለ ደምሴ «የወንድሜን ቤት በአዲሱ በር ልግባበት» ብሎ ሰማያዊውን በር ከፍቶ ገባ።

ውስጥ ኢብራሂም ነበር፤ ሥራ ሲይዝ የደጅ ጩኸት አይሰማውም፤ ጀርባውን ሰጥቶ የመስኮቱን ጭቃ እያለሰለሰ። የእግር ኮቴ ሲሰማ ዞር ሳይል ጮኸ። «ጋሽ ዘውዴ! ኧረ ያቺን የመስኮት ድንጋይ ሊያመጡ ሄደው የት ቀሩ? ጭቃው እኮ ደረቀብኝ!»

ደምሴ የተደፈነውን ቀዳዳ አየ፤ ከላይ የቀረችውን ሁለት ክንድ ክፍት ቦታ አየ። ቀስ ብሎ ዞረና ተከትሎት የገባውን ዘውዴን አየው። ዘውዴ መሬት መሬቱን አየ። ደጅ ያሉት ሰዎች ምንም አልሰሙም፤ አንድ ሽማግሌ አሁንም ይመርቃል። ደምሴ ወጣ። ቀለም ይዘው የቆሙትን አቶ ሰይፉን አልፎ ሄደ።

«ምነው? ጣቱስ?» አሉ አቶ ሰይፉ።

አበቃ፣ አለ ዘውዴ በልቡ። መሬቱን፣ ቆርቆሮውን፣ ጌጤን በእናቷ ቤት አያቸው። ከሩቅ የዘጠኝ ሰዓቱ አውቶቡስ በሮቢ ድልድይ በኩል ጥሩምባውን ነፋ።

ሰዉ መንገድ ሲለቅ ታየ። ደምሴ ተመለሰ። ያን ተራራ በማጅራቱ ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ላቡ በአፍንጫው ጫፍ እየተንጠባጠበ መጥቶ ከአዲሱ በር ላይ ቆመ። ሽማግሎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። በዳይና ተበዳይ በአንድ ቀን ሲለዋወጡ አይተው አያውቁም።

ኢብራሂም በጭቃ እጁ ራሱን አከከ። «ጋሽ ደምሴ፣ ይህቺ ድንጋይ ለእኔ ናት ወይስ ለእሱ?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ደምሴ ከድንጋዩ ሥር። «ከሁለታችሁ አንዳችሁ ተቀበሉኝ።»

ሁሉም ዘውዴን አዩ። ዘውዴ ወንድሙን አየ፤ ጉልበቱ ሲርገበገብ፣ የአንገቱ ጅማት ሲወጣ አየ። የራሱ ማጅራት ገና ይነድዳል። ቸኩሎ አልተናገረም። ከአያታቸው አልጀመረም፤ ቢጀምር ግን የሚከለክለው እንደሌለ ሁሉም እንዲያውቅ ያህል ቆየ። አውቶቡሱ ዳግመኛ ነፋ፤ አሁን ቀርቧል።

«አቶ ዘውዴ!» አሉ አቶ ሰይፉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አቶ ብለውት። «እባክዎ ጌታዬ፣ አውቶቡሴ!»

ዘውዴ በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው።

«ያውርዱት ጋሼ» አለ። «ቀስ ብለው ታዲያ፤ መስኮቴን እንዳይሰብሩብኝ።»